ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ የነበረችው ሴት

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈራችን ሴቶች በተገናኘን ቁጥር «እስቲ አሜሪካን ንገሪን» ይሉኛል። ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ጥቂት እነግራቸውና ዝም እላለሁ። የቀረውን በአፍ ማውራት ስለከበደኝ ጻፍኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እዚያ ሳለሁ ግን ልጄ በሰጠችኝ ደብተር ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጽፍ ነበር፤ ይኼንንም እሱን እያየሁ ነው የጻፍኩት። ልጃችሁ በሩቅ አገር የወለደችላችሁ እናቶች በተለይ አንብቡት።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን በማለዳ ተነሳሁ። የምሠራው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ለተማሪዎች ምግብ አበስላለሁ። የሰጡኝ ፈቃድ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለነበር የልጄ የሰናይት ባል ሀብታሙ የመመለሻውንም ቀን አብሮ ቆርጦ ነው ቲኬቱን የላከው። ሰናይት ሴት ልጅ ከወለደች ስድስት ሳምንት አልፏታል። የመጀመሪያዋ ናት። ለእኔም ከእሷ በቀር ልጅ የለኝም።

ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት። በሶ፣ የአጥሚት እህል፣ አብሽ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲጭኑት በደንብ መታሰሩን ሳላይ አልገባም ብዬ ቆምኩ።

«እናቴ፣ ይግቡ እንጂ! አሜሪካ ድረስ የምንሄድ አስመሰሉት እኮ» አለ ሾፌሩ።

«ሻንጣው እኮ አሜሪካ ነው የሚሄደው» ስለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እስከ ቦሌ ድረስ የሳቅሁት ያንን ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ቀበቶዬን አሰረችልኝ፤ ምግብ ሲመጣም ክዳኑን እየከፈተች ይኼ ቅቤ ነው፣ ይኼ ጣፋጭ ነው እያለች አሳየችኝ። መሐል ላይ ሌላ አውሮፕላን ስንቀይር ተለያየን። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ስሰጋ እንዲህ ነኝ፤ የሚገባውን አላደርግም።

ማክሰኞ

ሎስ አንጀለስ እንደደረስን ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ በሶውን አሸተተ፣ አብሹን ነካ ነካ አደረገ፣ መለሰልኝ። ቅቤውንና ቋንጣውን ግን ለየና ትልቅ በርሜል ውስጥ ከተተው። ለአራስ ነው ብዬ በእጄ ሕፃን እንደማቀፍ አድርጌ አሳየሁት። ገብቶታል መሰለኝ ፊቱ አዘነ፤ ግን አልመለሰውም። ማልቀስ ስጀምር ሶፍት ሰጠኝና ሻንጣዬን በገዛ እጁ አስተካክሎ ዘጋልኝ።

ሀብታሙ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ታክሲ ነው የሚነዳው። «ሶ፣ ፓርክ ያደረግኩት ራቅ ያለ ቦታ ነው እማዬ፣ ትንሽ እንራመድ» አለና ሻንጣውን ተቀበለኝ። እዚያ ያሉ የእኛ ሰዎች «እንግዲህ» ለማለት «ሶ» ይላሉ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ መኪናው አምስት ረድፍ ሆኖ ይሄዳል። በእኛ አገር መንገድ ማለት ሰው ነው፤ አህያ፣ ተማሪ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት አለበት። እዚያ በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አላየሁም።

«ሰዉ የት ሄደ?» አልኩት።

«መኪናው ውስጥ ነዋ» አለኝ።

ቤታቸው ሚድ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሰናይት በሩን ከፈተች። አራት ዓመት አልተያየንም። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሷ ግን «እማ፣ ደከመሽ?» አለችኝና ሕፃኗን ሰጠችኝ። አሰጣጧ ከበድ ያለ ዕቃ ይዞ ሲጠብቅ ቆይቶ ተቀባይ እንዳገኘ ሰው ነበር። የልጅቷ ስም ሶልያና ነው። ግንባሯ የሟቹን የባለቤቴን ይመስላል። ይህን ለሰናይት ብነግራት «እንዴ?» ብላ ሄዳ ተቀመጠች። መንገዱ ስላደከመኝ ነገሩን አላጤንኩትም።

ረቡዕ

ገንፎ አገነፋሁላት። ሁለቴ ጎርሳ ተወችው። ቅቤ ስለሌለው ነው አልኩ።

ከምድር ቤት እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት ሾርባ በድስት ይዘው መጡ። አገሩን ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። «እንኳን ልጅዎን ማርያም ማረችልዎ» ሲሉኝ የአገሬ ሰው ያቀፈኝ ያህል ደስ አለኝ። ቋንጣውና ቅቤው ተወሰደብኝ ብዬ ባወራቸው ተነስተው ወጡ፤ ፌርፋክስ ከሚያውቁት ሱቅ ንጥር ቅቤ ይዘው ተመለሱ። ፌርፋክስ የእኛ ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ያለበት መንገድ ነው፣ ከቤቱ ብዙም አይርቅ።

«እዚህ አገር አራስ የሚጠይቅ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኛ ጋ የአራስ ቤት በር አይዘጋም። እዚያ ግን ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው በር ሁሉ ዝግ ነው፣ ከአንዱም ውስጥ ድምፅ አይሰማም።

«ሳይደውል የሚመጣ የለም» አሉ። «እኔም የምመጣው ጉልበቴ ደረጃውን ሲፈቅድልኝ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንዲት ትመጣለች።»

ሐሙስ

ያቺ ሴት ራሔል ትባላለች። አርባ ዓመት ይሆናታል። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ የሄደች ናት። ሥራዋ ገና የወለዱ እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ማየት ነው። እኛ ሰፈርም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፣ ትዕግሥት የምትባል፤ ጃንጥላዋንና መዝገቧን ይዛ ትመጣለች። ትዕግሥት የምታየው ክትባቱን፣ የሕፃኑን ክብደት፣ መጸዳጃ ቤቱን ነው። ራሔል ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፣ መጀመሪያ ያየችውም ሕፃኗን ሳይሆን ሰናይትን ነው።

«ኦኬ፣ አንቺስ? ይኼ ሳምንት እንዴት ነበር?»

ወደ እኔም ዞራ «እማማ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እንቅልፍ ወሰደሽ?» አለችኝ። ከልጄ በቀር በዕድሜ የሚያንሰኝ ሰው አንቺ ብሎኝ አያውቅም፣ ደነገጥኩ። ቆይቶ ግን ክፋት እንደሌለው ገባኝ። እዚያ አንቱ የሚሉት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው።

ሶልያናን ትራስ ላይ አስተኝታ ሰናይት ፊቷን ወደ ልጅቷ ፊት አስጠግታ እንድታወራት አደረገች። «ምንም በያት፣ ስለ ፀሐዩም ቢሆን» ትላታለች። ከዚያ ሁለቱ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ጆሮዬን አልጣልኩም ብል ውሸት ነው። ሰናይት ስታለቅስ ሰማሁ። አራስ ሆድ ይብሳታል፣ ያልፋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሲወጡ ሰናይት ፊቷን ታጥባለች፣ ልጇንም ታቅፋለች። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ሳይሰጣት ራሷ ስታነሳት ያየሁት ያን ጊዜ ነበር።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። እኔ እናቷ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ለእኔ ያላወጣችውን ለባዳ ታወጣለች ወይ አልኩ። ይህንን መጻፍ አሳፍሮኛል፤ ግን በኋላ ለሆነው ነገር ይኼም አለበት።

ቅዳሜ

ለበሶ ገብስ ስቆላ ጣሪያው ላይ የተሰካች ነጭ ክብ ነገር መጮህ ጀመረች። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ቤቱ ሊቃጠል ነው ብዬ ሶልያናን አንስቼ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ያን ጊዜ ነው የኮሪደሩ በሮች ሲከፈቱ ያየሁት። አንድ ወፍራም ሜክሲኳዊ ጎረቤት ፎጣ ይዞ ወደ ላይ ሮጠ፣ ከጣሪያው ሥር ፎጣውን እያራገበ ዝም አሰኛት፤ ከዚያ ገብሱን አይቶ አንድ ፍሬ ቀመሰና አውራ ጣቱን አሳየኝ። በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት። እትዬ ጥሩወርቅ ምድር ቤት ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «እኔም እንደመጣሁ ሽንኩርት ሳቁላላ የእሳት አደጋ መኪና አስጠርቻለሁ፣ አይዞዎ» አሉኝ።

ስመለስ ሰናይት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ያ ሁሉ ሲጮህ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ምነው ልጄ፣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሲያቆም ያቆማል ብዬ ነው።»

ልጅሽስ አላልኳትም። ጨርቄን አነሳሁና የተቃጠለውን ገብስ መልቀም ጀመርኩ።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ

ራሔል ደወለች። «ሶ፣ ነገ እኔ አልመጣም። ከቢሮ ፕሮግራሙን የምትገመግም ልጅ ትመጣለች። እኔ እንድኖር አይፈቀድም። ያለውን ሁሉ ንገሯት፣ ኦኬ?» አለች።

ግምገማ የሚባለውን ነገር ሰናይት አታውቀውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። እኛ ቀበሌ ከዞን ገምጋሚ ሲመጣ ቀድመው ይነግሩናል። ቤቱ ይጠረጋል፣ መጸዳጃው በር ላይ ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጣል፣ ልጅ ታጥቦ ይለብሳል። ትዕግሥት ትመጣለች ወይ ሲሉን አዎ፣ ታስተምራለች ወይ ሲሉን አዎ፣ ምን ችግር አለ ሲሉን ምንም እንላለን። ከትዕግሥት በፊት የነበረችው ልጅ ላይ አንዲት ጎረቤቴ «ወር ሙሉ አላየኋትም» ብላ ተናገረች። ልጅቷን ሩቅ ገጠር አዛወሯት። ባለትዳር ነበረች፣ ሻንጣዋን ይዛ እያለቀሰች ስትሄድ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለገምጋሚ ችግር የሚናገር ሰው በሰፈራችን የለም።

ሰናይትን እንዲህ አልኳት፦ «ነገ ለምዘና ነው የሚመጡት። ያቺን ደግ ሴት እንጀራዋን እንዳታሳጫት። ከፍቶኛል ካልሽ ምን ሠራሽ ነው የሚሏት።»

«እማ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም መሰለኝ።»

«ሰው ሁሉ ያው ነው። ደግሞ የቤት ገመና ለባዳ አይወጣም።»

ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። እሺ ማለቷ መሰለኝ።

ሐሙስ

ቤቱን ጠርጌ ወልውዬ ጠበቅሁ። ለሶልያና የአዲስ ዓመት የሚመስል ነጭ ቀሚስ አለበስኳት። ገምጋሚዋ ቀጭን ፈረንጅ ናት፤ ኮምፒዩተሯን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሰናይት ለሥራዋ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላት፤ የልብን ነገር ግን በራስ ቋንቋ መናገር ይሻላል ብለው አስተርጓሚ በስልክ አቀረቡ። ድምፁ የጎረነነ ትልቅ ሰው ነው። ገምጋሚዋ እኔን አይታ ሰናይትን አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ብቻሽን መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ነው» አላት አስተርጓሚው። ሰናይት እኔን አየች። እኔ አልተነሳሁም።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ምክንያቱን ሳታውቂው አልቅሰሻል?»

ሰናይት እንደገና አየችኝ። «በጭራሽ» አለች።

«ምንም ነገር ደስ አይለኝም ያልሽበት ጊዜ አለ?»

«በጭራሽ።»

«ልጅሽን መንከባከብ ከአቅሜ በላይ ነው ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ።»

እንዲህ እያሉ ጨረሱ። ከዚያ ገምጋሚዋ ወደ እኔ ዞረች፤ አያትየዋ ስለ ራሔል አመጣጥ ምን ይላሉ አለች። ያዘጋጀሁት ነበር። «እግዚአብሔር ይስጣት። ቤቱም ንጹሕ ነው፣ ልጅቷም ጤነኛ ናት፣ እናትየዋም ደህና ናት። ኧረ እንዲያውም በየሳምንቱ ባትደክም! እኔ አለሁ፣ ጎረቤትም አለ።»

እኛ ጋ ይህ ምስጋና ነው። ትዕግሥት በዚያ ብርድ በራችን ላይ ስትቆም «ምነው ባትደክሚ» ብለን ነው ቁጭ እንድትል ዱካ የምንስብላት። አትምጪ ማለት እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች።

ፈረንጇ መጻፏን አቆመች። አስተርጓሚውም «በየሳምንቱ መምጣቷ አያስፈልግም ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄውን አልሳትኩትም። ገብቶኛል። አያስፈልግም ማለት ግን ይበልጥ ጨዋነት መሰለኝ። ያ ቅናቴም ከውስጥ ገፋኝ መሰለኝ። «አዎ፤ እሷም የምትጠይቀው ሌላ ቤት አለባት» አልኩ።

ገምጋሚዋ ፈገግ ብላ ጻፈችው። እኔም ራሔልን በደንብ አመሰገንኩላት ብዬ ሽሮ ሠራሁ።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ

ራሔል መጣች፤ እንደ ወትሮው ምንጣፉ ላይ አልተቀመጠችም። ደብዳቤ ይዛለች።

«ሶ… ፋይላችሁ ክሎዝ ሆኗል። ሪፖርቱ በጣም ጥሩ ነው የሚለው። ተራ የሚጠብቁ ብዙ እናቶች ስላሉ፣ ደህና የሆነ ቤተሰብ ቦታውን ይለቃል። ቤተሰቡም አያስፈልገንም ብሏል ይላል።» ሰናይትን አየቻት። «ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

ሰናይት መሬት መሬት ታያለች። አላጋለጠችኝም።

«ጥያቄዎቹንስ እንዴት ነው የመለስሻቸው?»

«ሁሉንም በጭራሽ አልኩ።»

ራሔል ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «ለእኔ የነገርሽኝን ለምን አልነገርሻትም?»

«እናቴ ፊት?» አለች ሰናይት።

ራሔል ካርዷን ትታ፣ ሶልያናን ግንባሯን ስማ ሄደች። በሩ ሲዘጋ ሰናይትን ጠየቅኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። «ምንድን ነው የነገርሻት?»

«ሶልያናን ሳያት ምንም አይሰማኝም፣ እማ። ጡት እሰጣታለሁ፣ ዳይፐሯን እቀይራለሁ፤ ግን የሰው ልጅ በአደራ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ባለቤቱ መጥቶ ቢወስዳት ይሻላታል እላለሁ። ራሔል ይኼ በሽታ ነው፣ ይድናል አለችኝ። ሐኪም ጋ አብረን ልንሄድ ነበር።»

«ተይ፣ እንዲህ አይባልም!» አልኳት።

ከአፌ ያመለጠው ይኼ ነው። ያንን ሁሉ ስትነግረኝ እኔ የመለስኩላት ይኼንን ነው። ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ውኃውን ከፈተችው፣ ሳትዘጋው ብዙ ቆየች።

ዓርብ

ከምሳ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅን ከሰናይት ጋር እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸውና የራሔልን ካርድ ይዤ ወደ ቢሮው ተነሳሁ። ሀብታሙ ሥራ ላይ ነው። አውቶቡሱ ፒኮ በሚባለው መንገድ ነው የሚሄደው። እትዬ ጥሩወርቅ የምወርድበትን በወረቀት ጻፉልኝ፤ ከመንገዱ በየትኛው ማዶ እንደምቆም ግን እኔም አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ተሳፈርኩ። ወረቀቱን እንዳይጠፋብኝ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ብዙ ሄድን። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ሰዉ ወርዶ አለቀ። ሾፌሯ መኪናውን አቁማ ወደ እኔ መጣች። ግዙፍ ጥቁር ሴት ናት። ወረቀቴን አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። በመስኮቱ ስታሳየኝ መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ባሕር ነበር።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ሰው ያንን ለማየት ስንት አገር ያቋርጣል ይባላል። ሰማዩና ውኃው የሚለዩበት አይታይም፣ ፀሐዩ ላዩ ላይ ይብለጨለጫል። እኔ ግን ቢሮው ይዘጋብኛል ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ሾፌሯ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እጄን ይዛ ወደ ኋላ ለሚመለሰው አውቶቡስ ሾፌር አስረከበችኝ። ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ሰውየው መውረጃዬ ሲደርስ ከመቀመጫው ተነስቶ መጥቶ ነገረኝ።

ቢሮው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ደረስኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት ስልክ ደውላ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። ይኼኛውም ወንድ ነው፣ ወጣት። ከኋላዬ ሴቶች ሕፃን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ።

«ልጄ ታማለች» አልኩ። «ለገምጋሚዋ ደህና ናት ያልኩት እኔ ነኝ። አያስፈልግም ያልኩትም እኔ ነኝ። ዋሸሁ። ልጄ ልጇን መውደድ አቅቷታል።»

አስተርጓሚው ቀስ ብሎ «እናቴ፣ ሁሉንም ልበለው?» አለኝ።

«ሁሉንም በል፣ ልጄ።»

ሴትዮዋ በጥሞና ሰማች። እንዲህ አለች፦ ጥያቄው ከእናትየዋ ከራሷ መምጣት አለበት፤ እንደ አዲስ ይመዘገባሉ፣ ተራ ሲደርስ ይደወልላቸዋል። መቼ ነው ስላት አላውቅም አለች። የባሰ ቀን ከመጣ ብላ በማንኛውም ሰዓት የሚደወልበት ቁጥር፣ ሐኪም ቤትም እንድትሄድ አድራሻ ሰጠችኝ። ራሔል ከውስጥ ወጥታ አየችኝና ደረጃው ላይ አቀፈችኝ።

«እንደ ዘመድ ብትመጪስ?» ብዬ ለመንኳት።

«እማማ፣ ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ብመጣ ከሌሎቹም ያስወጡኛል።»

እሷን እንጀራዋን አላሳጣትም ብዬ ነበር ሁሉንም የጀመርኩት። አሁንም እንጀራዋ ነው የከለከላት።

ቅዳሜና እሑድ

የሄድኩበትን ለሰናይት ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ለማን ነው የነገርሽው? ሰው ፊት? በስልክ ለማታውቂው ልጅ?»

«አዎ።»

«ሦስት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጠሽ ገብስ ትቆያለሽ፣ ወለል ታጥቢያለሽ። አንድ ቀን ምን ሆነሻል አላልሽኝም። ለባዳ መናገሩ ግን አልከበደሽም።» እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትቼ አልጋዋ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ አልተናገረችኝም። ወደ ማታ ላይ ራሷ ጀመረች፤ ስለ ምጡ፣ ሀብታሙ ሥራ ሄዶ ብቻዋን ስለምትቀርባቸው ሰዓቶች፣ ሶልያና ስታለቅስ ግድግዳውን እያየች ስለ መቀመጧ። ብዙ ጊዜ «በርቺ» ልላት አፌ ተከፈተ። በእጄ ይዤ ዘጋሁት። ስትጨርስ «ሌላስ?» አልኳት። በማግስቱ ሰኞ ወደ አገሬ ተነሳሁ።

በሩ ላይ ስንሰነባበት ሶልያናን ይዛ ቆማ ነበር። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር የቀረው፣ ሳላየው ቀረሁ። ሀብታሙ መኪና ውስጥ ሆኖ «እማዬ፣ እኔ ደክሟት ነበር የሚመስለኝ» አለኝ። «እኔም» አልኩት።

ከተመለስኩ በኋላ

ሰናይት እንደ አዲስ ተመዝግባለች። ሁለት ወር አለፈ፣ ቢሮው አልደወለም። ሀብታሙ ከሥራ ቀርቶ አንድ ጊዜ ሐኪም ጋ ወስዷታል፤ መድኃኒት ጀምራለች፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ግን የሚወስዳት ጠፍቶ አለፈ። እትዬ ጥሩወርቅ ጉልበታቸው ታሞ ደረጃውን መውጣት አቅቷቸዋል። ሀብታሙ ሥራ ላይ ሲሆን የምትሰማው ድምፅ የእኔ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ድስት ጥጄ ሳለ ደወለች፤ እዚያ መሽቶ ነበር፣ ሀብታሙም ሥራ ላይ ነው።

«እማ፣ ዛሬ ከአልጋ አልተነሳሁም።»

ድስቱን ለባልደረባዬ ትቼ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከስልኩ ውስጥ ሶልያና ታለቅሳለች። «አንሺያት» ልላት ነበር፣ ተውኩት። «ንገሪኝ፣ አለሁ» አልኳት። አልተናገረችም። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ የልጅቷም ለቅሶ ይሰማኛል። ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሕፃኗን የሚያነሳ፣ ሰናይትን ዓይኗን የሚያያት ሰው የለም፤ እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅሁ። ሶልያና ብዙ አለቀሰች።

ቆይቶ አልጋው ሲንቋቋ፣ ቀጥሎም እግሯ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።